ነባር ባንድ በመድረክ፣ አድማጭ በየፊናው

ለረጅም ዘመን በካሴት የታወቀ ባንድ፣ ወይም የዚያን ባንድ ሥራ የሚጫወት ቡድን፣ በአደባባይ ሲቀርብ የአድማጩ ስሜት ለሁለት እንደሚከፈል በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የድምፅ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ከፊሉ ዘፈኑን በካሴት እንደለመደው ባለማግኘቱ ቅር ይሰኛል፤ ከፊሉ ደግሞ ያው በካሴት የነበረው መደገሙን እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል፤ ሳክስፎኑ ወይም ኪቦርዱ ለብቻው ረዘም አድርጎ ሲጫወትም አንዱ ወደ መድረኩ ሲጠጋ ሌላው ዘፋኙ የት እንደገባ ይጠይቃል። ልዩነቱን የወጣትና የጎልማሳ ጉዳይ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ከሚክሰሩ ማለትም የየመሣሪያውንና የዘፋኙን ድምፅ ከሚያመጣጥነው መሣሪያ ኋላ ቆሞ ሕዝቡን ለሚያይ ሰው ይህ መልስ አያጠግብም።

ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ለአገሩ አዲስ አይደለም። ዋልያስ ባንድ፣ ስሙን ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር ከማይገኘው ከዋልያ የወሰደው ባንድ፣ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አውጥቷል፤ በዚያ ሥራ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ ማለትም በመምቻ ዘንግ የሚመታውን ባለ ብረት ርብራብ መሣሪያ ተጫውቷል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀርቶ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ የሠራው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ግን ከሥልሳ ዓመት ዕድሜው በኋላ ወደ ዓለም መድረኮች ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አቅርቧል። ከእነዚህ መድረኮች አድማጮች አንዱ አማርኛ የማያውቅ አውሮፓዊ፣ ሌላው ዜማውን ከነግጥሙ እያወቀ ያደገ ኢትዮጵያዊ ቢሆን ሁለቱ አንድ ሙዚቃ እየሰሙ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የመጀመሪያው የሚሰማው ኪቦርዱን ሲሆን ሁለተኛው ያልተዘፈነውን ቃል ጭምር በልቡ ይሰማልና። በደባርቅ ሜዳ ላይ የሚታየው መከፋፈልም መነሻው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ነገር ግን ባለሙያዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም አድማጩ የቆመበት ቦታ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ስትሆን፣ የምሽቱ ብርድ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እያንዳንዱን ምት የሚሰማው ከመድረኩ ሥር ካለው ሰው 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 0.5 ሰከንድ በመሆኑ የኋለኛው ሰው ጭብጨባ ወደ መድረኩ ተመልሶ እስኪደርስ ከአንድ ሙሉ ምት በላይ ያልፋል፤ ድራም መቺው ይህን እየሰማ ሲያመነታ ምቱ ይላላል፣ ፊት የቆመውም ሰው ባንዱ እንዳረጀ ይናገራል። በዚህ ላይ ቀጭኑ ድምፅ በርቀት ስለሚደክምና ፊት በቆመው ሰው አካል ስለሚዋጥ፣ ኋላ የሚደርሰው በአብዛኛው ቤዝና ከበሮ ነው። የአማርኛ ተነባቢዎች ጥራት የሚገኘው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ በሚርገበገበው የድምፅ ክልል ሲሆን፣ ጊታሩም ሳክስፎኑም ኪቦርዱም በዚያው ክልል ስለሚጮሁ ግጥሙን ይሸፍኑታል። ሰምና ወርቅ ሊሰማ የመጣ አድማጭ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም ካልደረሰው መቆጣቱ አግባብ ነው፤ ቁጣውን ግን የሚያወርደው በድምፅ ሥራው ላይ ሳይሆን በባንዱ ላይ ነው።

የአገሬው ሰው ለረጅም ሙዚቃ ትዕግሥት የለውም የሚለው አስተያየትም ሊታረም ይገባዋል። በጎንደር የአቋቋም ትምህርት ማለትም ከመቋሚያ፣ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር በሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሥርዓት፣ አንዱ ዜማ በቁም፣ በዝማሜ፣ በመረግድና በጽፋት እየተሸጋገረ ከዝግታ ተነሥቶ እስከ ፈጣኑ ሽብሸባ ሲደርስ፣ ምእመኑ ሌሊቱን ቆሞ ይከታተላል። ከጠጅ ቤቱም ወገን አዝማሪው በማሲንቆው ትናንት ያለውን ዛሬ እንዳለ ቢደግም የሚያመሰግነው የለም፤ አድማጩ ራሱ ግጥም ይሰጠዋልና። እንዲህ ያለው አድማጭ ባንዱን «እንደ ካሴቱ ተጫወት» የሚለው፣ ባንዱ እርሱ ዘንድ የደረሰው በካሴትና በሬዲዮ ብቻ በመሆኑና ከአዝማሪው ጋር ያለው ዓይነት ቅርበት ስላልተፈጠረለት ይመስላል። ይህን ቅርበት መፍጠር የሙዚቀኛውና የድምፅ ባለሙያው የጋራ ሥራ ነው።

አዘጋጆች በዝግጅቱ መካከል መጥተው መሣሪያው እንዲቀነስና ዘፋኙ ብቻ እንዲጎላ ሲያዝዙ መታዘዝ ግማሹን አድማጭ ያረካል፣ ባንዱን ግን ያጠፋል። ትክክለኛው አሠራር ዘፋኙ በሚዘፍንበት ጊዜ ብቻ የጊታሩንና የኪቦርዱን ድምፅ ግጥሙ ባለበት ክልል ዝቅ ማድረግ፣ መሣሪያው ለብቻው ሲወጣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ከመድረኩ 50 ሜትር ላይ ሁለተኛ ስፒከር ቆሞ ድምፁ ሆን ተብሎ 0.15 ሰከንድ ሲዘገይ የኋላው አድማጭ ቃሉንም ምቱንም ያገኛል። ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በደባርቅም ሆነ በዳባት ነባር ባንድ የሚያቀርቡ አዘጋጆች ለድምፅ ፍተሻ ሙሉ ከሰዓት እንዲሰጡ፣ ፍተሻውም ሜዳው መጨረሻ ድረስ በእግር እየተሄደ እንዲደረግ አደራ ይባላሉ።