ጨጓራው በኦፕራሲዮን ስለ ጠበበ ሰው አመጋገብና ስለ ጉርሻችን

ከተማችን ደብረ ታቦር ስሟን የምትጋራው በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲደርስ፥ ልጆች ጅራፍ እያጮሁና እየጨፈሩ በየደጁ ይዞራሉ፤ እናቶችም ሙልሙል ዳቦ ጋግረው ያድላሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በቡሄ ዋዜማ ምሽት፥ አንዲት ሴት በሁለት ወንድሞቿ ትከሻ ተደግፋ ወደ እኛ መጣች። ከውጭ አገር ለዘለቄታው ወደ ወላጆቿ ቤት ከተመለሰች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። እግሮቿ ዝለዋል፤ ስትራመድ ትንገዳገዳለች፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል። ዘመዶቿ «ዓይን በላት፤ እንዲህ የከሳችውም ለዚሁ ነው» ይሉ ነበር።

ለብቻዋ አድርገን በጠየቅናት ጊዜ እውነቱን ነገረችን። ይኸውም ከአራት ወር በፊት ውፍረቷን ለመቀነስ ስትል ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አስጠብባ ኖሯል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በየቤቱ ስትጋበዝ ሰው ላለማስቀየም ጉርሻውን ትቀበልና ወደ ጓሮ ሄዳ ታስመልሰው ነበር። ትውከቱ ሲደጋገም ሰውነቷ ቪታሚን ቢ 1 የተባለውን አጣ። ይህ ቪታሚን በሰውነታችን ውስጥ ተከማችቶ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ሲጎድል አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል። በመርፌ ከተሰጣት በኋላ ዓይኗ በጥቂት ቀን ውስጥ ተስተካከለ፤ እግሯ ግን ለመጽናት ወራት ፈጀበት። የጎዷት የሚወዷት ሰዎች ናቸው፤ ያውም ሳያውቁ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ኦፕራሲዮኑ ምንድር ነው?

የሰው ጨጓራ ሲሞላ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ዛሬ በብዛት ከሚሠሩት ሁለት ዓይነት ኦፕራሲዮኖች በአንደኛው፥ ሐኪሙ ከጨጓራው አራት አምስተኛ ያህሉን ቆርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ እጅጌ ቀጭን አድርጎ ይሰፋዋል። በሁለተኛው ደግሞ፥ ከጨጓራው አናት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ለይቶ፥ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር ያገናኘዋል፤ ስለዚህ ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

የዚህ የሁለተኛው መነሻ የጨጓራ ቁስለት ሕክምና ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን፥ በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠ ሴቶች ክብደት እንደማይጨምሩ አስተዋሉ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓመትም ይህንኑ ዘዴ ለውፍረት ሕክምና አዋሉት። በአገራችንም ቁስለት በተወው ጠባሳ የጨጓራው መውጫ የተዘጋበት ሰው፥ ጨጓራው ከአንጀቱ ጋር በኦፕራሲዮን ሲገናኝለት ኖሯል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምንሰጠው ምክር ብዙው ለእነዚያም ሰዎች ይጠቅማል።

ውፍረት በአገራችን የድሎት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ግን የስኳር በሽታን፥ የደም ግፊትንና የጉልበት ሕመምን ያስከትላል። ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው ይህን ለመከላከል ነውና ማንም ሰው ሊያፍርበት አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚፈቀደው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ይኸውም ውሃ፥ የተጣራ መረቅ፥ ወተት፥ ማርና ስኳር ያልገባበት ቀጭን አጥሚት ነው። ቀጥሎ እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ የላመ ምግብ ይሰጣል፤ ለምሳሌ እርጎ፥ በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ፥ ተቀቅሎ የተፈጨ ምስር። ከዚያም አይብ፥ የተቀቀለ እንቁላል፥ ከጣና የሚመጣ ዓሣ፥ ከፋርታና ከጋይንት ደጋ የምናገኘው ድንች ተቀቅሎና ተደቁሶ ይከተላል። እንጀራ የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ በትንሽ በትንሹ ነው። ትኩስ ዳቦ በደንብ ካልታኘከ እንደ ሊጥ ተጣብቆ መተላለፊያውን ይዘጋል። ኦፕራሲዮኑን የሠራው ሐኪም ሌላ ትእዛዝ ሰጥቶ እንደሆነ ግን የሐኪሙ ትእዛዝ ይጠበቅ።

የዕድሜ ልክ ሥርዓት

ኦፕራሲዮኑ በአንድ ቀን ያልቃል፤ አመጋገቡ ግን እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ይዘልቃል። ሕመምተኛው የሚከተሉትን ይጠብቅ።

አንደኛ፤ በትንሽ ሳህን፥ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይብላ። እያንዳንዱን ጉርሻ አልሞ ያኝክ፤ ለአንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይስጥ፤ ጠገብኩ ሲል ያቁም።

ሁለተኛ፤ ከምግብ ጋር አይጠጣ። ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ ቆይቶ፥ በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ።

ሦስተኛ፤ ስኳር ከበዛበት ሻይ፥ ከማርና ከለስላሳ መጠጥ ይራቅ። በተለይ አንጀቱ ከከረጢቱ ጋር የተገናኘለት ሰው ጣፋጭ ሲወስድ ምግቡ በችኮላ ወደ አንጀት ይወርድና ልቡ ይመታል፥ ያልበዋል፥ ያስቀምጠዋል። አረቄ፥ ጠጅና ጠላም ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው ወደ ደሙ ይገባሉና ያው አንድ ብርሌ ከዱሮው አብልጦ ያሰክረዋል።

አራተኛ፤ በሐኪም የታዘዙለትን ቪታሚኖች፥ ብረትና ካልሲየም ሳያቋርጥ ይውሰድ። ደም የሚያጸናው ቪታሚን ቢ 12 ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳው ከጨጓራ የሚመነጭ ነገር ነው፤ ጨጓራው ሲቀነስ ይህም ይቀንሳል። የብረት ኪኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይዋጥ፤ ከካልሲየምም በሁለት ሰዓት ይለያይ። ደሙን በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ፥ ከዚያም በየዓመቱ ያስመርምር።

አምስተኛ፤ ሴት የሆነች እንደሆነ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እንዳታረግዝ ትጠንቀቅ። ሲጋራ ለማንኛቸውም አይፈቀድም፤ ለራስ ምታት የሚወሰዱ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም አዲሱን ጨጓራ ያቆስላሉና ያለ ሐኪም ምክር አይወሰዱ።

ስለ ጾም

እንዲህ ላለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፥ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፥ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል። እንግዲህ በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ሲቀሩ፥ ከምስር ብቻ ለማሟላት ሰባት ግማሽ ኩባያ ያስፈልጋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ውሎ ይህን በጠባብ ጨጓራ በአንድ ማታ መብላት አይቻልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ፍልሰታ 15 ቀን፥ ረቡዕና ዓርብም ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ መሆናቸውን ስናስብ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት አላት፤ ስለዚህ ነገሩን ለንስሐ አባት ሳያፍሩ መንገር ይገባል። በሮመዳን የሚጾሙ ወገኖቻችንም እንዲሁ ሐኪማቸውንና የሃይማኖት አባታቸውን ያማክሩ።

ስለ ጉርሻ

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባልም ሁለተኛው ይከተላል፤ እምቢ ያለውን ሰው እንደ ተኳረፈ እንቆጥረዋለን። ጨጓራው የጠበበ ሰው ግን ሁለተኛውን ሊውጥ አይችልም። ስለዚህ እንግዳ ተቀባይ የሆናችሁ ሁሉ፥ የሚበቃውን ራሱ እንዲያነሣ ፍቀዱለት፤ «አልበላህም፥ ጨምር» አትበሉት፤ ማጉረስ ግድ ቢሆንባችሁም የአውራ ጣት ጫፍ ታህል አንዲት ጉርሻ ትብቃችሁ። በመክሳቱ አታሙት። መምህራንም ባልደረባቸው በክፍል መካከል ውሃ ቢጎነጭ ወይም በዕረፍት ሰዓት ጥቂት ቢቀምስ እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት።

ሕመምተኛውም ቢያንስ ለቤተ ሰቡ ይንገር። ትውከት ከሁለት ቀን በላይ ቢደጋገም፥ ውሃ እንኳ አልረጋ ቢል፥ ሆዱን አጥብቆ ቢያመው፥ ሰገራው ቢጠቁር፥ እግሩ ቢደነዝዝ ወይም ዓይኑ ቢደናገር፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሲደርስም ኦፕራሲዮን መደረጉን በመጀመሪያ ይናገር፤ ቪታሚን ቢ 1 ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ መሰጠት አለበትና።

ያቺ ሴት በተከታዩ ዓመት በቡሄ ዕለት ቤቷ ጋብዛን ሄደን ነበር። እናቷ ለእርሷ ብቻ አውራ ጣት የምታህል ሙልሙል ጋግረውላት፥ እያኘከች ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየችባት። ልጆቹ ከደጅ ጅራፍ ያጮኹ ነበር፤ ከቤቱ ውስጥም «ጨምሪ» ያላት ሰው አልነበረም።