ፉሪ ላይ የተመዘገበው ካዛንቺስ እንዲደርስ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በካዛንቺስና በአካባቢው ፎቆች ላይ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወለሉ ሲወዛወዝባቸው ደንግጠው በደረጃ ወረዱ። ከታች መንገድ ላይ ከነበሩት ግን በርካቶቹ ምንም አልተሰማቸውም። «የት ነው? ምን ያህል ነው?» ለሚለው መልሱ ቶሎ ተገኘ፤ የውጭ አገር የርዕደ መሬት ማዕከላት ያወጡትን 4.9 የሚል ቁጥር ሰዉ በስልኩ ተቀባበለው። «ይደገማል ወይ? ቤታችንስ ይችለዋል?» ለሚለው ግን ከሳይንሱ ይልቅ ወሬው ቀደመ።

የነውጡ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ነበር። እዚያ ቅልጥ አለት የምድሩን ድንጋይ እየሰነጠቀ ገብቷል። ታኅሣሥ 26 መጠኑ 5.8 ገደማ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6 ገደማ የደረሱ ነውጦች ተከተሉ፤ በአፋርና በኦሮሚያ በርካታ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። አዲስ አበባ የደረሰው የእነዚህ ነውጦች ቅሪት ነው። ርቀት ፈጣኑን ንዝረት ያደክመዋል፤ ዝግ ብሎ የሚወዛወዘው ሞገድ ግን ሩቅ ይዘልቃል። ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ በግምት አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ከሩቅ የሚመጣው ዝግተኛ ሞገድም የሚገጥመው ከእንዲህ ያለው ሕንፃ ጋር ነው። ስለዚህ ላይኛው ፎቅ ተወዛወዘ ማለት ሕንፃው ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። ይህችን አጭር ማብራሪያ በዚያው ምሽት በአማርኛና በኦሮምኛ ማድረስ ቢቻል ስንቱን ባረጋጋ ነበር!

እውቀቱ አገር ውስጥ አለ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ዓለም አቀፉን የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአካባቢውን የርዕደ መሬት ታሪክ ከጽሑፍ መዛግብትና ከመሣሪያ ምዝገባ ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡት። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያንቀጠቀጠው፣ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬው፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያወደመው ሁሉ እዚያ አለ፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬም በፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ የሚመዘግበውን ንዝረት የየትኛውም አገር ተመራማሪ በነፃ ይወስደዋል። ይህ የሚያኮራ ነው። የሚያሳዝነው ከፉሪ እስከ ካሊፎርኒያ የተዘረጋው መንገድ ካዛንቺስ እስካለበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወረዳዎች አለመዘርጋቱ ነው።

በ1990 እና 1991 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት «ራዲየስ» በተባለ ፕሮጀክት የርዕደ መሬት ስጋት የሚጠናባቸውን ዘጠኝ ከተሞች ሲመርጥ አዲስ አበባ ከኢዝሚርና ከታሽከንት ጋር አንዷ ነበረች። የጉዳት ግምትና የሥራ ዕቅድ ተዘጋጀ። ያ ሁሉ ሰነድ በቤት ባለቤቱ፣ በተከራዩና በእድሩ ዳኛ ቋንቋ ቢነገር ኖሮ፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰዉ ከዜሮ ባልጀመረ። የሕንፃ ደንቡም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ደንብ በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቅን ነውጥ መነሻ አድርጎ ነበር፤ የ2015ቱ ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ ማለትም ለከበደ ነውጥ መዘጋጀትን ይጠይቃል። መሐንዲሱ ይህን ያውቃል። በአሮጌው ደንብ በተሠራ ፎቅ ላይ ቤት የሚገዛው ሰውም ማወቅ ይገባዋል።

በ2017ቱ ነውጥ ወቅት እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመገናኛ ብዙኃን ደጋግመው አስረድተዋል። የርዕደ መሬትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ሳይንስ የለምና፣ ቀን ቆርጠው የሚያስፈራሩ መልእክቶችን የሚመልስ ሰው ማስፈለጉ አያጠራጥርም። ነገር ግን ይህ ሥራ ስልክ ለሚያነሱ ጥቂት ምሁራን በጎ ፈቃድ መተው የለበትም። ነውጥ በተሰማ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የታወቀውንና ገና ያልታወቀውን ለይቶ የሚያወጣ፣ በጀትና ባለሙያ ያለው ዴስክ ያስፈልጋል።

ካዛንቺስ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ያስቸኩላል። ምድር በተናወጠበት በዚያው የ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት እየፈረሱ ነበር፤ በዝቅተኛ ቤቶች ቦታ ረጃጅም ሕንፃዎች ይመጣሉ። ብዙም ሳይርቅ፣ ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት የሆነው የፍልውሃ ሙቅ ውሃ በምድር ስንጥቅ በኩል ይወጣል። ከስምጥ ሸለቆው ዳር ላለች ከተማ የአፈሩ ዓይነት ትልቅ ነገር ነው፤ ለስላሳና ወፍራም አፈር ንዝረትን ያጎላዋል፣ ጠንካራ አለት አያጎላውም። እዚህ ረጅም ፎቅ ሲሠራ መሠረቱ ከመጣሉ በፊት አፈሩ ይመረመራል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ግን በባለቤቱ፣ በአማካሪውና በፈቃድ ሰጪው ፋይል ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ እነዚህን ሪፖርቶች በአንድ ቋት ሰብስቦ፣ የግል መረጃውን አስቀርቶ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቢያካፍል የሰፈሩን አፈር በየብሎኩ የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። ለዚህ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ቁፋሮው ተከፍሎበታል።