ተራራው ማማ ሲሆን

ደብረ ማርቆስ ልጆች ሳለን ቴሌቪዥን የሚታየው ጣሪያ ተወጥቶ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቆርቆሮው ላይ ቆሞ አንቴናውን ቀስ እያለ ያዞራል፤ እኔ መስኮቱ ሥር ሆኜ፣ «መጣ፣ መጣ! ኧረ ጠፋ፣ ወደነበረበት መልሰው!» እያልሁ እጮኻለሁ።

ያ ሁሉ ልፋት ከምን እንደመጣ ለማየት ዛሬ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ያብሩ። ጀበናውን ከፊቱ፣ ሲኒውን ከጀበናው ጀርባ ያስቀምጡ። ሲኒው ጥላ ውስጥ ነው። አሁን ሻማውን በእጅዎ ከፍ፣ ከፍ ያድርጉት፤ ጥላው እያጠረ ሄዶ ሲኒው ብርሃን ያገኛል። የቴሌቪዥን ሞገድም እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው። ጋራ ይጋርደዋል፤ ምድር ክብ በመሆኗም ከአድማስ ወዲያ ያለው ቤት ያመልጠዋል። ስለዚህ ማሰራጫው ከፍ ማለት አለበት።

ለዚሁ ሲባል ጀርመን ውስጥ ሽቱትጋርት ላይ ተራ የብረት ምሰሶ ሊተከል ታስቦ ነበር። መሐንዲሱ ፍሪትዝ ሌዮንሃርት ግን ሰው የሚወጣበት የኮንክሪት ማማ ይሁን አለ። ማማው በ1948 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1956) ተከፈተ። ጎብኚ በአሳንሰር 150 ሜትር ገደማ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ያያል፤ በጠራ ቀን ዓይን ሩቅ ይደርሳል። የግንባታው ወጪ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመግቢያ ክፍያ ተመለሰ።

እኛ ጋ የማማውን ሥራ የሠራው ተራራ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አዲስ አበባን ቁልቁል የሚያየው ፉሪ ተራራም የማሰራጫ ቦታ ሆነ። በጎጃም ደግሞ የጮቄን ተራራ ያስቡ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ፣ የደብረ ማርቆስ 2,400 ገደማ ነው። ከሽቱትጋርቱ መመልከቻ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሆን ልዩነት! ጅባራው መካከል ቆሞ ደመናውን ከእግሩ በታች ያየ ሰው ሌላ ማማ አያምረውም።

ግን ያው ተራራ ጀበናም ነው። ከሸንተረሩ ጀርባ ያለው መንደር እንደ ሲኒው ጥላ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ሞገዱን ከአንዱ ከፍታ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብል ጣቢያ የሚያስፈልገው።

ዛሬ ማማው ሰማይ ወጥቷል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ለዲሹ አንድ ቦታ የቆመ ነው። ዲሻችን መጀመሪያ የዞረለት ሳተላይት፣ ናይልሳት፣ ከእኛ በስተምዕራብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ኢትዮሳት ግን በስተምሥራቅ ሆነና ወንድሜ ዲሹን ሊያዞር እንደገና ጣሪያ ወጣ፤ እኔም መስኮቱ ሥር ቆምሁ።