ሊኑክስ ላይ ጌም ቀረ ያለው ማነው?

ከዘንገናም ከእንጅባራም አሮጌ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትመጡ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ሊኑክስ ከተጫነበት ጌም ቀረ ማለት ነው?» አልቀረም።

ጌም ሁለት ነገር ነው፦ አንዱ ሞተሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ፤ ሌላው ሥዕሉ፣ ድምፁና ካርታው። ጌም ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር የዱም ጌምን ኮድ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የኩዌክ 3ን ደግሞ በ2005 ለሕዝብ ለቀቀ። ስለዚህ የሁለቱም ሞተር ለሊኑክስ ተስተካክሎ፣ ያለ ዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ከሚያስኬደው)፣ በቀጥታ ይሠራል። ሥዕሉና ድምፁ ግን ዛሬም የኩባንያው ንብረት ነው፤ ኦሪጅናሉን መግዛት ግድ ይላል። (በፍላሽ ከጓደኛ የተገለበጠውን አላየሁም።)

ኩዌክ 3ን እንውሰድ። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ሞተሩን፣ «አዮኩዌክ3»ን፣ ትጭናላችሁ፤ ከሲዲው «ፓክ0» የሚለውን ትልቁን ፋይል «ቤዝኪው3» ፎልደር ውስጥ ትገለብጣላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «እምቢ አለኝ» ይላል። የጎደሉት ከ«ፓክ1» እስከ «ፓክ8» ያሉት የማሻሻያ ፋይሎች ናቸው፤ እነሱን እዚያው ስትጨምሩ ይነሳል። ግራፊክሱ ደካማ የሆነ ላፕቶፕም አይከብደውም። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ ሁለት ላፕቶፕ በኔትወርክ ኬብል አገናኝቶ መጋጠም ይቻላል። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይሄ ነው።

«ቫይስ ሲቲ የሚባለው ጌምስ?» ለምትሉ፦ የእሱን ኮድ ባለቤቱ ቴክ ቱ አልለቀቀም። አድናቂዎች ፕሮግራሙን ፈታትተው ኮዱን መልሰው ጽፈውት ነበር፤ ቴክ ቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ኮዱን ከተቀመጠበት ድረ ገጽ፣ ከጊትሀብ፣ አስወረደው፣ ክስም መሠረተ። ስለዚህ ቫይስ ሲቲን በዋይን ሞክሩት።