አንድ ስም፣ ሦስት ማዕረግ

አንባቢ ሆይ፣ ከአንድ የወይን ጠጅ መሸጫ ገብተው ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመው ቢያዩ፣ ባንደኛው ላይ «ዠቭሬ ሻምበርቴን»፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ «ሻርም ሻምበርቴን» የሚል ቢያነቡ ምን ይላሉ? ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም ከፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ ከሚባለው ክፍል፣ ያውም ካንድ መንደር ወሰን ውስጥ የመጡ ናቸው። የሁለተኛው ዋጋ ግን ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አታለለኝ ብለው እንዳይቆጡ። የመጀመሪያው የመንደር ስም ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ታላቅ ማሳ ስም ነው።

በእኛ አገር «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። በቡርጎኝ ግን ስሙ የወጣው ከማሳው ሲሆን የተከተለው መንደሩ ነው። ዠቭሬ የተባለው መንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሻምበርቴን የተባለውን ዝነኛ ማሳውን ስም ከራሱ ስም ጋር አጋጠመ። ሌሎቹም መንደሮች ነገሩ ጥቅም እንዳለው ሲያዩ ተከተሉት። ሞንራሼ የተባለው ማሳ በፑሊኚና በሻሳኝ መካከል ስለ ተኛ ሁለቱም መንደሮች በ1879 ስሙን ወስደው ፑሊኚ ሞንራሼና ሻሳኝ ሞንራሼ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ያልተጠነቀቀ ገዢ መንደሩን ማሳው እየመሰለው ሲገዛ ኖሯል።

የቡርጎኝ ወይን ጠጅ በሕግ አራት ማዕረግ አለው። ከሁሉ በታች ያለው በአገሩ ስም የሚሸጠው ነው፤ ከዚያ በመንደር ስም የሚጠራው ይመጣል፤ ቀጥሎ «ፕሬሚዬ ክሩ»፣ በላዩም «ግራን ክሩ» ተቀምጠዋል። ግራን ክሩ ከጠቅላላው ምርት ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጥም። «ፕሬሚዬ» ማለት በፈረንሳይኛ «አንደኛ» ማለት ሲሆን በማዕረግ ግን ሁለተኛ ነው። እኔ በማስተምርበት ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅ በሁለተኛ ረድፍ ቢጻፍ አባቱ በማግሥቱ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ይደርስ ነበር!

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን አንዱ ማሳ ራሱ በማዕረግ ተከፋፍሎ መገኘቱ ነው። ሻምቦል ሙዚኚ በተባለው መንደር ደቡባዊ ዳርቻ «ላ ኮምብ ዶርቮ» የሚባል ቦታ አለ። «ኮምብ» ማለት ተራራውን ሰንጥቆ የሚወርድ ጠባብ ሸለቆ ነው። ከዚህ ቦታ ከአንድ ሄክታር የምታንስ ቁራጭ ሙዚኚ ከተባለው ግራን ክሩ ጋር ተቀላቅላለች፤ ሌላው ክፍል ፕሬሚዬ ክሩ ነው፤ የቀረው ወደ መንደር ማዕረግ ወርዷል። ስሙ አንድ፣ ማዕረጉ ሦስት መሆኑ ነው። ከፍተኛውን ማዕረግ ያገኘችው ቁራጭ ወይኗ በጠርሙስ ሲገባ «ሙዚኚ» ብቻ ተብሎ ስለሚሸጥ የትውልድ ስሟ አይታይም። የተራራው ጎን አልፈው ወደ ጎረቤቱ ወደ ፍላዤ ወሰን ቢሻገሩ ደግሞ «አን ኦርቮ» የተባለ ቦታ ያገኛሉ፤ ያም ገሚሱ ኤሼዞ የተባለው ግራን ክሩ፣ ገሚሱ የቮን ሮማኔ ፕሬሚዬ ክሩ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ስሞቹን ያወጧቸው ገበሬዎችና መነኮሳት ናቸው፤ ስም ሲያወጡም ቦታውን ለመለየት እንጂ ማዕረግ ለመስጠት አልነበረም። ማዕረጉን የወሰነው ሕግ የመጣው ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ከ1935 ወዲህ ነው። ተዳፋቱ ደግሞ ስም አያውቅም። ወገቡ ላይ የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት፣ ውሃ የማይዝ፣ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ መሬት አለ፤ ምርጡ ወይን የሚበቅለው እዚያ ነው። ከላይ አፈሩ ስስ ነው፤ ከግርጌው ወፍራም ሸክላ ውሃ ይቋጥራል፤ በሸለቆው አፍ ያለውንም ቀዝቃዛ ነፋስ ያገኘዋል። አንዱ ስም ከእነዚህ ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ሲገኝ መስመሩ በመካከሉ ያልፋል።

መስመሩ በወይን ረድፎች መካከል ስለሚያልፍ ከወዲህ ያለውና ከወዲያ ያለው ገበሬ እኩል ቆፍረው፣ እኩል ገርዘው፣ እኩል አይሸጡም። የናፖሌዎን ሕግ ከ1804 ጀምሮ ርስት ለልጆች በእኩል እንዲከፈል ስላዘዘ አንዳንዱ ሰው ከአንድ ማሳ ያለው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። ካንድ አባት የወረሱ ወንድማማቾች በመስመሩ ግራና ቀኝ ቢደርሳቸው ድርሻቸው በስፋት እኩል ሆኖ በገንዘብ ሊለያይ ይችላል።

መስመሩንም ያሰመረው አፈር ብቻ አይደለም። በቮን ሮማኔ «ላ ታሽ» የተባለው ማሳ ቀድሞ ከአንድ ሄክታር ተኩል ያነሰ ነበር። በአጠገቡ ያለውን «ጎዲሾ» የተባለውን ቦታ አብዛኛውን ይዞ የነበረው ዶሜን ደ ላ ሮማኔ ኮንቲ ግን ወይኑን በላ ታሽ ስም ይሸጥ ነበርና የላ ታሽ ባለቤቶች ከሰሱት። በ1932 ፍርዱ ለተከሳሹ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመትም ላ ታሽን ራሱን ገዛው። ዛሬ ላ ታሽ ስድስት ሄክታር ያህል ሲሆን ሁሉም ግራን ክሩ ነው። ከክርክሩ ውጭ የቀረው ትንሽ የጎዲሾ ቁራጭ ግን እስከ ዛሬ ፕሬሚዬ ክሩ ተብሎ ይኖራል። አፈሩ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መጠሪያው ነው።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ተራርቀው የሚገኙ ቦታዎች ይጋሩታል። «ሻርም» በዠቭሬ ግራን ክሩ ነው፤ በሻምቦልና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመርሶ ፕሬሚዬ ክሩ ነው፤ የመርሶው ደግሞ ነጭ ወይን ነው። ስለዚህ ጠርሙስ የሚያነብ ሰው ከማሳው ስም በፊት የመንደሩን ስም ይፈልግ። መንደር ሳይጠቀስ ማሳው ብቻውን ከቆመ ግራን ክሩ ነው፤ የመንደሩ ስም ቀድሞ ማሳው ከተከተለ ፕሬሚዬ ክሩ ወይም የመንደር ወይን ሊሆን ይችላል፤ «ፕሬሚዬ ክሩ» የሚለው ቃል ተጽፎ እንደሆነ መመልከት ነው።

ይህንን ደንብ ይዘው ከሄዱ በኋላ እንኳ ከሻርም ሻምበርቴን ጋር የተዋሰነው «ማዞዬር ሻምበርቴን» ይጠብቅዎታል። እርሱም ግራን ክሩ ነው፤ ሕጉ ግን ባለቤቶቹ ወይናቸውን «ሻርም» ብለው እንዲሸጡ ይፈቅድላቸዋል። አብዛኞቹም ለረጅም ዘመን እንዲሁ አድርገዋል፤ «ሻርም» ለባዕድ አፍ የሚቀል፣ ትርጉሙም ደስ የሚል ቃል ነውና።