«ሌፕቶሴፋለስ»፦ ከዓሣ ወገን ስም ወደ ዕድገት ደረጃ ስያሜ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው «ሌፕቶሴፋለስ» በተባለ አንድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ከባሕር እንስሳት ጥናት ውጭ እምብዛም አይሰማም። ሆኖም ሳይንሳዊ ስም ትርጉሙን እንዴት እንደሚለውጥ፣ እኛም በአማርኛ ስንጽፈው ምን መጠንቀቅ እንዳለብን በሚገባ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ነው። «ሌፕቶስ» ቀጭን፣ «ኬፋሌ» ደግሞ ራስ ማለት ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ተመራማሪዎች ይህን ስም የሰጡት እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ እንደ መስተዋት ብርሃን አሳላፊ፣ ራሱም ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ለሆነ የባሕር ፍጥረት ነበር። ከሚታወቁት ዓሦች አንዱንም ስለማይመስል ራሱን የቻለ ወገን፣ ማለትም ጂነስ፣ ሆኖ ተመዘገበ፤ በሥሩም በርካታ ዝርያዎች ተዘረዘሩ። ጀርመናዊው ካውፕ በ1856 የሰየመው «ሌፕቶሴፋለስ ብሬቪሮስትሪስ» ከእነዚህ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ብዙም አልዘገየም። በ1864 አሜሪካዊው ቴዎዶር ጊል ከዝርያዎቹ አንዱ፣ «ሌፕቶሴፋለስ ሞሪሲ»፣ ኮንገር የተባለው እባብ መሰል የባሕር ዓሣ እጭ ነው ሲል ሐሳብ አቀረበ። በ1886 ፈረንሳዊው ኢቭ ደላዥ ይህንኑ ፍጥረት በውኃ ገንዳ አኑሮ ወደ ኮንገርነት ሲለወጥ ተመለከተ። ቀጥሎም ጣሊያናውያኑ ግራሲና ካላንድሩቾ በመሲና የባሕር ወሽመጥ ባካሄዱት ጥናት «ብሬቪሮስትሪስ» የተባለው በአውሮፓ ወንዞች የሚኖረው ኢል እጭ መሆኑን አረጋገጡ፤ ግራሲ ውጤቱን በ1896 በእንግሊዝኛ አሳተመ። አርስቶትል ኢል ከጭቃ እንደሚገኝ ከጻፈበት ዘመን አንሥቶ መልስ ያጣ ጥያቄ በዚህ መንገድ መፈታት ጀመረ።

እናትና ልጅን ማዛመድ ይህን ያህል ያስቸገረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ታናሽ እንስሳ እያደገ እንዲሄድ እንጠብቃለን፤ ይህ እጭ ግን ቅርጹን ሲለውጥ ያጥራል። ጠፍጣፋው አካል ይድቦለቦላል፤ ውስጡን የሞላው ዝልግልግ ነገርም ለለውጡ ይውላል። ስለዚህ ከሁለቱ ረጅሙ በዕድሜ ታናሹ ሆኖ ይገኛል።

ወገኑ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ስሙ አልጠፋም፤ ሥራውን ለወጠ እንጂ። ዛሬ «ሌፕቶሴፋለስ» የእጭነት ደረጃ መጠሪያ ሲሆን ኢሎችን ብቻ ሳይሆን ታርፖንንና ቦንፊሽን የመሳሰሉ ዘመዶቻቸውንም እጮች ያጠቃልላል። የቆዩ መጻሕፍትን የሚያነብ ተማሪ ግን ይጠንቀቅ። ጆርዳንና ኤቨርማን በ1896 የአሜሪካን ዓሦች ሲዘረዝሩ «ሌፕቶሴፋለስ ኮንገር» ያሉት ሙሉ ዕድሜ የደረሰውን ኮንገር ነው። የመጽሐፉን ዘመን ሳያጣራ የሚቆጥር አንባቢ አንዱን እንስሳ ሁለት፣ ሁለቱንም አንድ ሊያደርግ ይችላል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የላቲን ፊደል የሚጠቀሙ ጸሐፊዎች የወገንን ስም በትልቅ ፊደል ጀምረው በተጋደመ ጽሕፈት ያሰፍሩታል፤ የዕድገት ደረጃን ስም ግን በተራ ፊደል ይጽፋሉ። አንባቢውም በዓይኑ ይለያቸዋል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ፊደሉ የማይሠራውን ቃል ሊሠራው ይገባል። ደረጃውን ስንጠቅስ «የሌፕቶሴፋለስ እጭ»፣ የቀድሞውን ምደባ ስንጠቅስ ደግሞ «ሌፕቶሴፋለስ የተባለው ወገን» ብንል መደናገሩ ይቀራል።

ሥርወ ቃሉን ተከትሎ «ቀጭን ራስ» ብሎ መተርጎም አሳማኝ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አልደግፈውም። ይህ ትርጉም የመጀመሪያዎቹ ሰያሚዎች ያዩትን መልክ ይነግረናል እንጂ ከዚያ በኋላ የታወቀውን፣ ማለትም ፍጥረቱ ለጋ እጭ መሆኑን፣ አይነግረንም። ተርጓሚ ሊጠይቅ የሚገባው ቃሉ ከምን እንደተወለደ ብቻ ሳይሆን ዛሬ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው።