የአርክቲክ እንስሳት ሙቀትን ለምን ይፈራሉ?

የዛሬውን ገለጻ በአንድ ጉብኝት እጀምራለሁ። በሰሜን ፊንላንድ፣ በላፕላንድ ግዛት፣ ራኑዋ በምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተ የዱር እንስሳት ፓርክ አለ። እኔ የደረስኩት በሐምሌ ወር ነበር። በጥድ ደን መካከል በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ተጉዤ ከዋልታ ድቡ ዘንድ ስቀርብ፣ ድቡ እስከ አንገቱ ኩሬ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። በልቤም «የበረዶውን ወራት እንዴት ይችለው ይሆን?» አልኩ። ጥያቄዬ የተገላቢጦሽ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

የእነዚህ እንስሳት አካል የተበጀው ሙቀትን ለማቆየት ነው። የዋልታ ድብ ከቆዳው ሥር እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ስብ አለው። ጸጉሩ ነጭ መስሎ ይታያል እንጂ ቀለም የለውም፤ ቆዳውም ጥቁር ነው። የአርክቲክ ቀበሮ ጆሮና አፍንጫ አጫጭር ናቸው፤ ከአካል ወጣ ያለ ክፍል ሁሉ ሙቀት የሚያመልጥበት በር ነውና። ይህን ዝምድና ጆኤል አለን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ እንስሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 አስረድቷል። ሬንዲር በሚባለው አጋዘን እግር ውስጥ ደግሞ፣ ወደ ታች የሚወርደው ሞቃት ደም ሽቅብ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም እያሞቀ ያልፋል፤ ስለዚህ እግሩ በረዶ ቢረግጥም የአካሉ ሙቀት አይባክንም።

ችግሩ ይህ ካባ እንደ ጋቢ የሚወልቅ አለመሆኑ ነው። የዋልታ ድብ ጥቂት ቢሮጥ እንኳ ሰውነቱ ከልክ በላይ ይግላል። በዱር ላለው ድብ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ አቆስጣ የተባለውን የባሕር አጥቢ የሚያድነው በባሕር በረዶ ላይ ቆሞ ነውና፣ በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ ይራባል። ፓርክ ለድብ ምግብ፣ ኩሬና ጥላ ሊሰጥ ይችላል፤ የባሕር በረዶን ግን በአጥር ከልሎ ሊያቆይ አይችልም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የባሌና የስሜን ቀይ ቀበሮ የሚኖረው ከባሕር ወለል በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ውርጫማ ስፍራ ነው፤ በምድር ላይ የቀሩትም ወደ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። እርሻና ሙቀት ከታች ሲገፉት ሽቅብ ይወጣል፤ ተራራ ግን ጫፍ አለው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፓርክ ስትጎበኙ «ብርዱን እንዴት ይችለዋል?» ከማለት ይልቅ «ብርዱ ቢጠፋ ወዴት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።